ይድረስ ለባለ 15 ፒኗ ጆይስቲክ

ይድረስ ለተከበርሽው ለሲኤች ፍላይትስቲክ ፕሮ፤

እኔ ማታ ማታ አውሮፕላን ከመከስከሴ በቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልሽ እንዳንቺ ያሉትን እቃዎች በካርቶን ከተው የረሱ ሰዎችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አንቺም ፈረንጅ አገር ተወልደሽ ነውና።

መጀመሪያ የማመሰግንሽ አእምሮ ስላልተሰጠሽ ነው። ስድብ አይምሰልሽ። ዛሬ የሚሸጥ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ሁሉ በሆዱ የራሱን ፕሮሰሰር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስሙን ይናገራል፣ ስንት ቁልፍ እንዳለው ያስረዳል፣ ሶፍትዌሩ ሲያረጅበት ደግሞ ያኮርፋል። አንቺን ፈትቼ ሳይሽ ያገኘሁት ሦስት ፖታንሽዮሜትር፣ እጀታሽን ወደ መሃል የሚመልሱ ሞላዎች፣ ቁልፎችና ሽቦ ነው። አንዱ ፖታንሽዮሜትር ግራና ቀኙን፣ ሌላው ወደፊትና ወደኋላውን፣ ሦስተኛው የነዳጅ መስጫዋን ጎማ ይከታተላል። እጀታሽ ዘንበል ሲል ሬዚስታንሱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ለኮምፒውተሩ የምትነግሪው ነገር የለሽም።

ታዲያ ይህ ነገር እንዴት ወደ ቁጥር ተለወጠ? እዚህ ላይ የአይቢኤም መሐንዲሶችን ቁጠባ ማድነቅ አለብኝ። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ የጆይስቲክ ካርድም አብሮ አቀረበ። ካርዱ ላይ አናሎግ ምልክትን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ቺፕ አላስቀመጡም። ያስቀመጡት 558 የሚባለውን፣ አራት ጊዜ ቆጣሪ በአንድ ላይ የያዘውን ርካሽ ቺፕ ነው። ፕሮግራሙ በሄክሳዴሲማል 201 ወደሚባለው አድራሻ አንድ ነገር ይጽፋል፤ የሚጻፈው ምንም ይሁን ምን ለውጥ የለውም፣ በሩን ማንኳኳቱ ብቻ ይበቃል። ወዲያው በካርዱ ላይ ያሉ አራት ትናንሽ ካፓሲተሮች መሞላት ይጀምራሉ። የሚሞላቸው ኤሌክትሪክ የሚመጣው በአንቺ ፖታንሽዮሜትር በኩል አልፎ ነው፤ ቧንቧው ሲጠብ ባልዲው ዘግይቶ እንደሚሞላ ሁሉ ሬዚስታንሱ ሲበዛ ካፓሲተሩም ይዘገያል። ፕሮግራሙ ደግሞ ተቀምጦ ይቆጥራል። «ደረሰ? አልደረሰም። ደረሰ? አልደረሰም።» ሲደርስ የቆመበት ቁጥር የእጀታሽ አቀማመጥ ነው።

አይቢኤም ያሳተመው ቀመር በአንድ መስመር ያልቃል፤ 24.2 ማይክሮ ሰከንድ፣ ሲደመር ለእያንዳንዱ ኦም 0.011 ማይክሮ ሰከንድ። እጀታሽ መሃል ላይ ቆሞ 50 ኪሎ ኦም ቢያሳይ 574 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ጥጉ ላይ 100 ኪሎ ኦም ቢደርስ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራውን ትቶ አንቺን ብቻ ይጠብቃል። እኔን እንዲህ የጠበቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ቁጠባው ግን ዋጋ አስከፍሏል። የሚቆጥረው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ፈጣን ማሽን ብዙ፣ ዘገምተኛ ማሽን ጥቂት ይቆጥራል። ያው የእጀታ አቀማመጥ በ4.77 ሜጋኸርዝ ፒሲ ላይ ትንሽ ቁጥር ሲሆን በ486 ላይ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጨዋታው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት «እጀታውን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ውሰድና ቁልፍ ተጫን፣ አሁን ወደ ታችኛው ቀኝ፣ አሁን መሃል» እያለ የሚያደርቀን ለዚህ ነበር። አስተካክለን ስናበቃ አንድ ሰው የኮምፒውተሩን ቱርቦ ቁልፍ ቢነካ ፍጥነቱ ይቀየርና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አንዳንድ ቀደምት ጨዋታ ፈጣን ማሽን ላይ ሲጫን ቆጠራው ከገደቡ ያልፍበትና ጆይስቲክ የለም ብሎ ይደመድማል። በኋላ የካርድ አምራቾች ፍጥነቱን በእጅ የሚያስተካክሉበት መዘውር ያለው የጆይስቲክ ካርድ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ሌላም ጣጣ ነበር፤ ሳውንድ ብላስተር የሚባለው የድምፅ ካርድ ከ1989 ጀምሮ የጆይስቲክ ፖርት በጀርባው ይዞ ስለመጣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ካርዶች በ201 አድራሻ እኩል «አቤት» ይላሉ። መፍትሔው የአንዱን ጃምፐር አንስቶ ዝም ማሰኘት ነበር።

ይህን ሁሉ ችሎ አንቺን መያዝ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ኤክስ ዊንግን በቁልፍ ሰሌዳ ይሞክረው። በ1993 የወጣው ይህ ጨዋታ፣ ከእሱ በፊት ደግሞ የ1990ው ዊንግ ኮማንደርና የ1991ዱ ፋልከን 3.0 ጠላትን ከኋላ ተከትሎ በስሱ ማነጣጠርን ይጠይቃሉ። ቀስት ያለበት ቁልፍ የሚያውቀው ተጫንኩ ወይም ተለቀቅኩ ብቻ ነው። በአንቺ ግን እጄ ጥቂት ስታዘነብል አፍንጫው ጥቂት ይዞራል፤ አጥብቄ ስስብ አጥብቆ ይዞራል። የፍላይት ሲሙሌተር አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ሲያርፍ አፍንጫውን በስሱ ቀና ማድረግ የቻልኩት ካንቺ ጋር ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለብልሃትሽ ነው፤ በእርግጥ ብልሃቱ የሠሩሽ ሰዎች ነው። ከ201 የሚነበበው ስምንት ቢት ብቻ ነው፤ አራቱ ለአቅጣጫ፣ አራቱ ለቁልፍ፣ አለቀ። አንቺ በአራት ቁልፎችሽ ቦታውን ሞልተሽ ሳለ በአውራ ጣት የምትገፋ ባለ አራት አቅጣጫ መመልከቻ ደግሞ እጀታሽ ላይ ጨመሩልሽ። የት ትግባ? መላ መቱ፤ መመልከቻዋ ስትገፋ ሁለትና ከዚያ በላይ ቁልፎች ባንዴ የተጫኑ ታስመስላለች። ጨዋታው ይህን ድብልቅ ሲያይ «አሃ፣ አብራሪው ወደ ግራ እየተመለከተ ነው» ይላል። ተቀናቃኝሽ ትረስትማስተር ሌላ መንገድ መረጠ፤ ከአራቱ የአቅጣጫ መስመሮች አንዱን ወስዶ ለመመልከቻው ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለያየ ሬዚስታንስ ሰጠው። ሐቁን ልንገርሽ፣ የእነሱ ይሻላል፤ እየተኮሱ ወደኋላ ማየት ይቻላል። በአንቺ ግን ምላጩን ይዤ ዞር ብዬ ልመልከት ብል ምልክቶቹ ይደባለቃሉ። ያም ሆኖ በአራት ቢት ስምንት ነገር ማስተላለፍ ቀላል ብልሃት አይደለምና ቂም የለኝም።

የሠራሽ ኩባንያ መቀመጫው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪስታ በምትባል ከተማ ነበር። የጆይስቲክ ፖርትን ድጋፍ ያቋረጠው ዊንዶውስም ስሙ ቪስታ መሆኑ የዕጣ ፈንታ ቀልድ ይመስለኛል። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ ትታወቂ ነበር፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ አላውቅሽም አለ። ማዘርቦርዶችም ባለ 15 ፒኗን ሶኬት ይዘው መምጣት አቆሙ። ሁሉ ነገር ወደ ዩኤስቢ ሄደ።

እኔ ያገኘሁሽ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ እቃ መሸጫ ነው፤ ሽቦሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተበላሹ ስልኮች ጋር ተጥለሽ ነበር። ቤት አምጥቼ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፒን 1 ላይ፣ ሌላውን ፒን 3 ላይ አደረግኩና እጀታሽን ቀስ ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። ቁጥሩ በሥርዓት ተንቀሳቀሰ፤ መሃል ሲደርስ ብቻ መዝለል ጀመረ። ይህ የአሮጌ ጆይስቲክ ሁሉ ሕመም ነው። እጀታው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው መሃል ላይ ስለሆነ ተንሸራታቿ የብረት ምላስ እዚያችው ቦታ ላይ ስትንቀጠቀጥ የካርቦኑን መስመር ትፍቀዋለች፤ የተፋቀው ዱቄትም እዚያው ይከማቻል። ጨዋታ ውስጥ አውሮፕላኑ ማንም ሳይነካው የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው። በካቻቢቴ ፈትቼ በፖታንሽዮሜትሩ ክፍተት የኮንታክት ማጽጃ ጥቂት ነፋሁበት፤ ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግሜ አዟዟርኩትና እስኪደርቅ ተውኩት። ዝላዩ ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮም እቀይረው ነበር፤ 100 ኪሎ ኦም ፖታንሽዮሜትር ዛሬም አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። የትኛው የዛሬ መቆጣጠሪያ ነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልቡ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኝለት?

ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር ያስማማችሽ ደግሞ ኤቲሜጋ 32ዩ4 ቺፕ ያለባት፣ አውራ ጣት የምታህል የአርዱዊኖ ሰሌዳ ናት። በዩኤስቢ ስትሰካ ራሷን ጆይስቲክ ብላ ታስተዋውቃለች። ፒን 1 ላይ 5 ቮልት፣ ፒን 4 ላይ ግራውንድ፣ ፒን 3 እና ፒን 6 ደግሞ ወደ መለኪያዎቿ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፤ አርዱዊኖ የሚለካው ቮልቴጅ ሲሆን አንቺ የምትሰጪው ሬዚስታንስ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መለኪያ ወደ ግራውንድ አንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መበየድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ፖታንሽዮሜትሩ ሙሉ ክልሉን ቢጓዝ አንዱ ጥግ 1023፣ መሃሉ 682፣ ሌላው ጥግ 512 ገደማ ይነበባል። መሃሉ ለ512 እንጂ ለ1023 አይቀርብም፤ እንዲሁ ከተተወ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ፈጥኖ ወደ ሌላው ጎን ተጎትቶ ይዞራል። መፍትሔው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ 1023ን ለተነበበው ቁጥር አካፍሎ አንድ መቀነስና በ100 ኪሎ ኦም ማባዛት። ትክክለኛው ሬዚስታንስ ይመለሳል፣ መሃሉም መሃል ይሆናል።

የቀረችው መመልከቻሽ ነበረች። አርዱዊኖዋ የቁልፎቹን ድብልቅ ፈትታ «ግራ፣ ቀኝ» ብላ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። ከ2002 ጀምሮ የድሮ ጨዋታዎችን በዘመኑ ማሽን የሚያስኬደው ዶስቦክስ ደግሞ ቅንብሩ ላይ የጆይስቲኩን ዓይነት «ሲኤች» ብዬ ስመርጥለት ያንኑ «ግራ» እንደገና ወደ ቁልፍ ድብልቅ ለውጦ ለጨዋታው ያቀርባል። አንቺ የቋጠርሽውን እሷ ፈታችው፣ እሱ መልሶ ቋጠረው፣ ጨዋታው በመጨረሻ ፈታው። ደግነቱ ፋልከን ይህን ሁሉ አያውቅም። እጀታው በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተትበት ሰው እዚያው ቅንብር ላይ «ታይምድ» የሚለውን ማጥፋት ይሞክር፤ ዶስቦክስ የ558ን የጊዜ አቆጣጠር ማስመሰሉን ይተዋል።

ካንቺ በኋላ ብዙ የረቀቁ ዲጂታል ጆይስቲኮች መጡ። የማይክሮሶፍት ሳይድዊንደር 3ዲ ፕሮ በ1995 ሲወጣ በዚያው ባለ 15 ፒን ሶኬት ራሱ የፈጠረውን ዲጂታል ቋንቋ ይናገር ነበር። ግሩም እቃ ነው፤ ዛሬ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሶፍትዌር ካልተገኘ ያንን ችሎታውን ማንም አይሰማለትም። አንቺን ለመስማት ቴስተር በቂ ነው። ስለዚህም አመሰግንሻለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ባለ 15 ፒን ጆይስቲክ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመጣላችሁ በፊት ቴስተራችሁን ኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ በፒን 1 እና በፒን 3፣ ቀጥሎም በፒን 1 እና በፒን 6 መካከል ለኩ፤ እጀታውን ከጥግ እስከ ጥግ አንቀሳቅሱት። ቁጥሩ አብሮ ከወጣና ከወረደ ይሠራል።

አክባሪሽ