ለተመላሹ ወታደር አደራ ስጡት

«ቅጥረኛ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ስድብ ነው፤ በገንዘብ ተገዝቶ በሰው ጦርነት የሚዋጋውን ወታደር በዚህ ቃል እናዋርደዋለን። በሌላ በኩል ተራ የመዝገብ ቃል ነው፤ በፖስታ ቤት መስኮት በስተጀርባ ተቀምጦ ቴምብር የሚሸጠውም ሰው ቅጥር ሠራተኛ ይባላል። ሁለቱም በወሩ መጨረሻ ፈርመው ደመወዝ ይቀበላሉ። ታዲያ አንዱን የምንሸሸው፣ ሌላውን ግን «የመጣልኝ ደብዳቤ አለ?» እያልን በተስፋ የምንጠይቀው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄው የተነሣው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። ጓደኞቼ «ቫዮሌት ኤቨርጋርደን» የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም ተሰብስበው ያያሉ። መጽሐፉን ካና አካትሱኪ የተባለ ስም ያለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተመው፤ ፊልሙም በ2018 ወጣ። እኔ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ነገር ግን ቆሜ ማየት ጀመርሁና ተቀመጥሁ። ባለታሪኳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ጦር መሣሪያ ያገለገለች ልጅ ናት። ከመግደል በቀር የተማረችው ሙያ የለም፤ ደመወዝ እንኳ ስላልነበራት ከቅጥረኛም ታንሳለች። በጦርነቱ ሁለት ክንዶቿን አጥታ የብረት ክንድ ተተከለላት። ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ የቀድሞ የጦር መኮንን ባቋቋመው የፖስታ ድርጅት ውስጥ ሥራ ሰጣት። መጀመሪያ ደብዳቤ ለየች፣ አደለችም፤ ኋላም መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ የምትጽፍ ሆነች። ሞቷን የምትጠብቅ አንዲት እናት ለትንሽ ልጇ በየልደቷ ቀን የሚደርሱ 50 ደብዳቤዎችን ያስጻፈችው በዚያች የብረት እጅ ነው።

ጓደኞቼ ልባቸው ተነክቶ ዝም አሉ። እኔን ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ ወደ አገራችን የቀረበ ሌላ ልብ ወለድ ነበር። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1927 በትግርኛ ጽፈው በ1950 አሥመራ ላይ ያሳተሙት «ሓደ ዛንታ» ባለታሪኩ ቱኳቦ የሚባል ጎልማሳ ነው። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ሲሆን፣ ለጣሊያን አስካሪ ሆኖ ወደ ሊቢያ በረሃ ይዘምታል፤ ምንም ያልበደለውንም ሕዝብ ለሌላ ባዕድ ጥቅም ሲል ይወጋል። ከጥማትና ከሞት ተርፎ ሲመለስ እናቱ በናፍቆት ሞታ ይጠብቀዋል መቃብሯ። ቱኳቦ በዚያ ቀን መሣሪያውን ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ምን ሠራ? መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ወገኖቼ፣ በእነዚህ በሁለቱ ባለታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የልብ ደግነት አይደለም። ቱኳቦ ከልጅቷ ይልቅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ጸጸቱ ጥልቅ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርስዋን የሚጠብቃት ሰው ነበረ፣ እርሱን የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። በየማለዳው በእጅዋ የታሸገ የሰው ምስጢር ይገባ ነበር፤ ሰዎችም በየበራቸው ቆመው ይጠብቋት ነበር። ይህንን ነገር ቋንቋችን «አደራ» ይለዋል። የተመላሽ ወታደር ድኅነት በገንዘብ ሳይሆን በአደራ ነው ማለቴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው።

ነገሩ የልብ ወለድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንሁ ነበር። ነገር ግን አገራችን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሠራዊት በትናለች። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከ450 ሺህ የማያንሱ ወታደሮች ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባሉ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ተመለሱ። በ2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ደግሞ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊመልሳቸው ያቀዳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር ከ371 ሺህ በላይ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ የተሰጣቸው ወይም የታሰበላቸው ምንድን ነው? በ1983ቱ ጊዜ ቀለብ፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ፣ ለገበሬውም ዘርና በሬ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የጥቂት ቀናት ሥልጠናና የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው። ይህ ከንቱ ነው አልልም፤ የራበው ሰው ምክር አይበላም። ነገር ግን ገንዘብ ያልቃል፤ ሲያልቅም ሰውየው የሚቀረው ከሚያውቀው ሙያ ጋር ብቻ ነው፤ ያም ሙያ መተኮስ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በአዲስ አበባ በሚገኘው የሩስያ ኤምባሲ አጠገብ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች፣ ብዙዎቹም የውትድርና ማስረጃቸውን እንደ ያዙ፣ ተሰልፈው ታዩ። በዩክሬን ለመዋጋት ይቀጥራሉ የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ኤምባሲው ተዋጊ አልቀጥርም ብሎ ማስተባበያ ሰጠ። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነም ሰልፉ እውነት ነበር። ከቱኳቦ ዘመን ወዲህ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የእኛ ሰው አሁንም በማያውቀው በረዶ ውስጥ ለመሞት ተራ ይጠብቃል። ለምን? ብሩ ብቻ ነውን? ብር ያጣ ሰው ሁሉ እኮ ለመዋጋት አይሰለፍም። እዚያ የተሰለፈው ሰው ማስረጃውን አውጥቶ ሲያሳይ «አንተ ትፈለጋለህ» የሚለው ሰው በማጣቱ ጭምር ይመስለኛል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር ቀድመው አስበውበታል። በፕሩስያ 12 ዓመት ያገለገለ የበታች ሹም ጡረታ ከመጠበቅ ይልቅ የሲቪል ሥራ የሚያስገኝ ማስረጃ ይሰጠው ነበር፤ ብዙዎቹም በፖስታና በምድር ባቡር ተሰማሩ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች በመንግሥት ሥራ ቅድሚያ ሰጠች፤ የፖስታ መሥሪያ ቤቷ እስከ ዛሬ ድረስ የቀድሞ ወታደሮችን በብዛት ከሚቀጥሩት አንዱ ነው። ፖስታ የተመረጠው በድንገት አይደለም። ወታደር የለመደው በሰዓቱ መነሣት፣ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ዝናብና ፀሐይን መቻል፣ የተሰጠውንም ሳይከፍት ማድረስ ነው። የፖስታ ሥራም ይህንኑ ይጠይቃል። የሚለየው መጨረሻው ነው፤ ወታደሩ ሲደርስ በር ይዘጋል፣ ፖስተኛው ሲደርስ በር ይከፈታል።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይደለም። የዘመናዊው ፖስታ አገልግሎት በአገራችን የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ተራራና በረሃ ያቋርጥ ነበር። ያ ዘንግ ጦር አልነበረም፤ ነገር ግን ከጦር ይልቅ መንገድ ያስከፍት ነበር፤ የያዘው ሰው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ጉዳይ እንደሚሄድ ሩቅ ሆኖ ያስታውቃልና።

አሁን ነገሩን ወደ ባሌ፣ ወደ ጊኒር ላምጣው። ጊኒር የቆየች የገበያ ከተማ ናት፤ ዛሬም የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደዚያ የሚወርደው መንገድ ስንዴውንና ጥቁር አዝሙዱን ያመላልሳል። ያ አገር የጠመንጃን ነገር ከማንም አስተማሪ አይማርም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ የባሌ ገበሬዎች በዋቆ ጉቱና በሌሎችም መሪነት በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል ምክንያት ተነሥተው ተዋግተዋል። ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሲሰጡ ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አደረጉላቸው። ከዚያም በኋላ በተከታታይ መንግሥታት ዘመን ከዚያው ደጋ ብዙ ወጣት ወደ ልዩ ልዩ ጦር ሄዷል፤ የተመለሰም አለ፣ ያልተመለሰም አለ።

በአገራችን ልማድ ደብዳቤ ከቤት ወደ ቤት አይዞርም። የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ራሱ ሄዶ ያመጣል፤ ሣጥን የሌለው ደግሞ ዕቃውን በአውቶቡስ ሹፌርና በረዳት እጅ «አደራ» ብሎ ይልካል። ከከተማው ወጣ ብሎ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ያለች እናት፣ የልጅዋ ጽሑፍ ወይም የላከላት መድኃኒት የሚደርሳት አንድ ጎረቤት ለገበያ ከወጣ ነው። እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየገበያው ከተማ ዙሪያ ላሉት ቀበሌዎች የእግርና የበቅሎ ፖስተኞች ይቀጠሩ፤ ከተመላሾቹም መካከል ፈቃደኛ የሆኑት፣ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቁት ይመረጡ። ዩኒፎርም ይልበሱ፤ የሚታወቅ ቀንና የሚታወቅ መንገድ ይኑራቸው። ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ምርጥ ዘር ያድርሱ። ማንበብ ለማይችለው ያንብቡለት፤ መጻፍ ለማይችለውም ይጻፉለት። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ ሥራው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው ወደ ገበሬው ደጅ መሄዱ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው «በስልክ ዘመን ፖስታ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ስልክ ድምፅ ያደርሳል፤ ኪኒን አያደርስም። ከመካከላችንም ኦሪጅናል ዲግሪውን በስልክ የተቀበለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ሰው የገደለ እጅ የእናቴን ደብዳቤ እንዴት ይይዛል?» ይላል። ለዚህ የምሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። ወንጀል የሠራ ሰው በሕግ ይጠየቅ፤ የፖስታ ቦርሳ የመደበቂያ ጨርቅ መሆን የለበትም። ነገር ግን ተዋጋ ማለት ሁሉ ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ በጉማ ሥርዓት ደም ሲታረቅ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ ባላንጣዎች አብረው ተቀምጠው እንዲኖሩ የሚያደርገው ሰው ለዘላለም ከማኅበር ውጪ ሆኖ ሊኖር እንደማይችል ስላወቀ ነው። የተገለለ ሰው ለጎረቤቱ ከታረቀው ይልቅ አስጊ ነው። አደራም የመጨረሻው ፈተና ነው፤ «አደራ በላ» መባል በአገራችን ከሌባ ስም እንደሚከፋ ተመላሹም ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የራሳችን ነው፤ ስለዚህም ልደብቀው አልፈልግም። «እኛ ተምረን ሥራ አጥተን ስንዞር፣ ጠመንጃ ላነሣው ሥራ መስጠት ጠመንጃን መሸለም አይሆንምን?» የሚል ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ ሐቁን እንነጋገር። ከመካከላችን ሰኞ ማለዳ ከጊኒር ገበያ ቦርሳ ተሸክሞ ወደ ገጠር ለመሄድ፣ ማክሰኞም ለመድገም ዝግጁ የሆነው ስንቱ ነው? ካለ ይምጣ፤ እሰየው፤ ሥራው ለተመላሽ ብቻ ይታጠር አላልሁም። የሌለ እንደ ሆነ ግን እኛ የማንሠራውን ሥራ ለሌላው ከለከልነው ማለት ነው።

እንዲያውም የእኛ ድርሻ ሌላ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ እንዲያስተምሩ ተደርጎ ነበር። ብዙዎቹ እያጉረመረሙ ሄዱ፤ ነገር ግን አገራቸውን ያወቁት ያኔ ነው። እኛም በክረምቱ ዕረፍት ለተመላሾቹ ጽሕፈትና ሒሳብ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ማስተማር እንችላለን። ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ነገር አንሥቶ ቢወያይበት፣ የፈቃደኞችንም ስም ዝርዝር ቢከፍት ከብዙ የድጋፍ መግለጫ የበለጠ ሥራ ሠራ እላለሁ። ዝርዝሩ ሲከፈት የእኔን ስም አንደኛ ላይ ጻፉት።

ያች የብረት ክንድ ያላት ልጅ ልብ ወለድ ናት፤ ቱኳቦም ልብ ወለድ ነው። በኤምባሲው አጥር አጠገብ ማስረጃውን ይዞ የቆመው ሰው ግን ልብ ወለድ አልነበረም። ያን ወረቀት ተቀብለነው በምትኩ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት አንድ ፖስታ በእጁ ብናኖርለት፣ እናቱ ብትኖርም ባትኖርም፣ ተራራው ማዶ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል።