በምጽዋት ምሽት ካሜራ ስለሚይዝ ሰው



ለችግረኞች ገንዘብ ለመሰብሰብ የእራት ግብዣ የማድረግ ልማድ በከተሞቻችን እየሰፋ ሄዷል። ጾሙ ተፈትቶ የግብዣው ወራት ሲመጣ፤ በአዲስ አበባም ሆነ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፤ ማኅበራት አዳራሽ ይከራያሉ፤ የመግቢያ ትኬት ይሸጣሉ፤ ሙዚቃ ያሰማሉ፤ ጨረታም ያካሂዳሉ። በዚህ ምሽት አንዱ ወጥ ይሠራል፤ አንዱ እንግዳ ያስተናግዳል፤ አንዱ ሒሳብ ይይዛል። ካሜራ ያለው ወጣት ደግሞ «የምሰጠው ገንዘብ ባይኖረኝ እጄ የለመደውን ሙያ ልስጥ» ብሎ ያለ ዋጋ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይቀርባል። ከቤተ ሰቦቻችን ልጆች መካከል ይህን አገልግሎት የሚፈጽሙ ስላሉ፤ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ድካማቸው ከንቱ አይደለም። ለባለሙያ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ለሕሙማን መድኃኒት መግዣ ይተርፋል። ፎቶግራፉም ለሰጡት ሰዎች ምስክር ይሆናል፤ በሚመጣውም ዓመት ሌላውን ሰው ለበጎ ሥራ ያነሣሣል። ይሁን እንጂ በክርስቲያን ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ አዞናል፤ በዚያው ስብከት ደግሞ በጎ ሥራችን በሰው ፊት እንዲያበራ ነግሮናል። ታዲያ ካሜራው ከየትኛው ወገን ነው?

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱ ትእዛዛት አይጋጩም። እንዲታይ የተፈቀደው ሥራው ነው፤ ሰጪው ከከንቱ ውዳሴ፤ ተቀባዩም ከኀፍረት ሊጠበቁ ይገባል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ለይቶ ካወቀ አገልግሎቱ ለሁሉም በረከት ይሆናል፤ ካላወቀ ግን በአንድ ጣቱ የድኻን ክብር ሊገፍ ይችላል።

የፎቶግራፍን ኀይል አገራችን በመራራ መንገድ ዐውቃዋለች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረኃብ ፊልም፤ ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ንግግር ጋር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። ያየው ዓለም ደነገጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደርጎ ለተራቡት ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ካሜራው በዚያ ጊዜ ለብዙ ነፍስ ዋስ ሆኗል፤ ይህንም ማመስገን ይገባል። ነገር ግን የተራበው ሕፃን ፊት ለብዙ ዓመታት በባዕዳን ዓይን የኢትዮጵያ ፊት ሆኖ ቀረ። ያ ሕፃን ስም ነበረው፤ እናት ነበረችው፤ ከረኃቡ በፊት የታረሰ መሬትና የተከበረ ቤት የነበራቸው ወላጆችም ከዚያ ሕዝብ መካከል ነበሩ። ይህ ሁሉ በፎቶግራፉ ላይ አይታይም። የአውሮፓ የርዳታ ድርጅቶችም ነገሩን መርምረው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 የተረጂዎችን ሰብኣዊ ክብር የሚያስጠብቅ የፎቶግራፍ አጠቃቀም ደንብ አወጡ።

የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27፤ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፤ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ለተደረገ ሥነ ሥርዐትና ይህን ለመሳሰለው ነገር ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። እንግዲህ «ግብዣው በአደባባይ የተደረገ ስለ ሆነ ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ምናልባት በሕግ ፊት መልስ ያገኝ ይሆናል። በወንድሙ ፊት ግን ምን ይመልሳል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በምሽቱ መካከል አንዲት እናት ወደ መድረክ ትጠራለች፤ ማኅበሩ ልጇን እንዳሳከመላት ስትናገር እንባዋ ይቀድማታል። አዳራሹ በሙሉ ጸጥ ይላል። ፎቶግራፍ አንሺው ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ ፎቶግራፍ በዚያ ምሽት እንደማያገኝ ያውቃል። ፎቶግራፉ ቢነሣ ብዙ ገንዘብ ያመጣ ይሆናል። ነገር ግን በማግሥቱ በየስልኩ ሲዞር፤ ጎረቤት ያየዋል፤ የልጁም የትምህርት ቤት ጓደኞች ያዩታል። ለአንድ ሌሊት የፈሰሰው እንባ የዘወትር ስሟ ይሆናል። አስቀድማ ፈቅዳ ካልሆነ በቀር፤ በዚያች ሰዓት ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ከምጽዋት ይቈጠራል እንላለን። እንባዋን ጠርጋ ልጇን ስታቅፍ፤ ወይም ወደ ገበታው ተመልሳ ከሰዎች ጋር ስትጫወት፤ ያን ጊዜ ማንሣት ይቻላል።

ፈቃድ ስለ መጠየቅም ማስተዋል ያሻል። የሰውን እንጀራ የሚበላ ድኻ «እሺ» ለማለት ይቸኩላል፤ እንቢ ቢል ርዳታው የሚቀርበት ይመስለዋልና። ስለዚህ ጥያቄው ገና እራቱ ሳይቀርብ፤ ካሜራውን አስቀምጦ፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢሆን ይሻላል። «እናቴ፤ ፎቶግራፍ ባነሣዎ ደስ ይልዎታል? ባይፈልጉ ምንም አይደለም፤ የሚቀርብዎ ነገር የለም» ብሎ መጠየቅ እንቢ ማለትን ያቀልላቸዋል። ፎቶግራፉ የት እንደሚታይም ይነገራቸው። ስለ ሕፃናት ደግሞ አሳዳጊዎቻቸው ይጠየቁ።

ስለ ሙያውም ጥቂት እንጨምር። የግብዣ አዳራሽ ብርሃኑ ደካማ ነው። ካሜራው የብርሃን መቀበያውን መጠን እስከ 3200 ከፍ ማድረግ የሚችል፤ ሌንሱም እስከ 2.8 የሚከፈት ከሆነ፤ በሴኮንድ 1/125 ፍጥነት ያለ ፍላሽ ብዙ ነገር ማንሣት ይቻላል። ፍላሽ የግድ ሲያስፈልግ ወደ ነጭ ጣሪያ ቢዞር ብርሃኑ ለስልሶ ይመለሳል፤ የአረጋውያንንም ዓይን አይወጋም። ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱና ማዕድ ሲባርኩ ግን ፍላሽ ፈጽሞ አይብራ። ባለጸጋው ከተረጂው ጋር መነሣት ቢፈልግ ሁለቱም ይቀመጡ፤ ወይም ሁለቱም ይቁሙ። አንዱ ከላይ ሲሰጥ ሌላው ከታች ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወንድማማችነትን አያሳይም። በጓዳ በጭስ ውስጥ የዋሉት እናቶች፤ ሳህን ያጠቡት ልጆች፤ በር ላይ ቆመው ትኬት የተቀበሉትም አይረሱ፤ ለእነርሱ የሚያጨበጭብ የለምና።

ግብዣው ካለቀ በኋላ ፎቶግራፎቹን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ለማኅበሩ ማስረከብ ይገባል። ማኅበሩ ሳይፈቅድ በራስ ገጽ ላይ ማውጣትና የገበያ ማስታወቂያ ማድረግ የሰጡትን መልሶ እንደ መውሰድ ነው። ከተቻለም ለተረጂዎቹ የየራሳቸው ፎቶግራፍ በወረቀት ታትሞ ይሰጣቸው። በግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሌለው ብዙ ነው፤ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፤ ቀና ብሎ የተነሣው ምስል ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስጦታ ይሆናል።

ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው፤ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የሄዱት ሊሳለሙ እንጂ ሊታዩ አልነበረም። ከዚያ ጅማሬ የተነሣው ድርጅት ለብዙዎች መጠለያ ሲሆን ግን ሥራቸው ሊሰወር አልቻለም፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ብዙዎች እናት ብለው ጠሯቸው። ሥራው ቀድሞ ፎቶግራፉ ቢከተል መልካም ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ካሜራውን አንግቦ ወደ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲወጣ መርቃችሁ ስደዱት። ሲመለስም ስንት ፎቶግራፍ እንዳነሣ ብቻ ሳይሆን፤ ስለ ሰው ክብር ሲል የትኛውን ሳያነሣ እንደ ተወ ጠይቁት። ለሰጪዎች ትሕትናን፤ ለተቀባዮች ክብርን፤ በመካከል ለሚያገለግሉትም ማስተዋልን እግዚአብሔር ያድልልን። አሜን።