የቤቱ ኮምፒውተር ጓዳ

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። መዝገቡ ድሮ ትልቅ ደብተር ነበር፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ አባቴ ኪስ ይውላል። ማን ስንት ወር ሳይከፍል እንደቆየ፣ ማን ተበድሮ እንደቀረ፣ የማን ቤት በአንድ ዓመት ሁለቴ ለቅሶ እንደገባ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እኛ ልጆቹ እንኳ ገልጠን አይተነው አናውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ራሴ "አባዬ፣ ይሄን ነገር ኤክሴል ላይ ላድርግልህ" ብዬ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩለት። ኮምፒውተሩ ሳሎን ነው፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ። ቁልፍ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው።

ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የማድረው። የምኖረው ከቤተሰብ ወጥቼ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው፤ በደሞዜ የገዛሁት፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ግን እናቴ ቤት ቀርቷል። ታናሽ እህቴ ለትምህርቷ ትፈልገዋለች፣ አባቴ የእድሩን ሥራ ይሠራበታል፣ የጎረቤት ልጅም ሲቪ ሊያስተካክል ይመጣል። ስለዚህ ብዙ የእኔ ቢጤዎች የሚያደርጉትን አደረግኩ፦ ጨዋታውን ቤት ያለው ኮምፒውተር እንዲያንቀሳቅሰው፣ ምስሉን ደግሞ በኢንተርኔት ወደ ላፕቶፔ እንዲልክልኝ። ኬብሉን ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ በግድግዳው ጥግ የዘረጋሁት በእጄ ነው። የተጠቀምኩበትን ፕሮግራም ስም አልጠራም፤ ብቻውን ጥፋተኛ ስላልሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ልጫወት ስከፍተው የመጣልኝ ሜዳ አልነበረም። እህቴ በቴሌግራም ለጓደኛዋ እየጻፈች ነበር። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ አየሁ፤ ስትሰርዝና መልሳ ስትጽፍም አየሁ። ሁለት መስመር አንብቤ ዘጋሁት። ያነበብኩትን እዚህ አልጽፍም። ግን ሁለት መስመር ለማንበብ ጊዜ ይፈጃል፤ ወዲያው ዘጋሁት ብል ውሸት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እራት ላይ፣ ማወቅ የማይገባኝን ነገር እንደማውቅ የምታሳብቅ አንዲት ቃል አመለጠችኝ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ እንጀራዋን መቁረስ ግን አቆመች።

ይህን የማነሳው ለንስሐ ብቻ አይደለም። በሙያ ጓደኞቼ ላይ የምለው ስላለኝ ነው።

"ጌም ስትሪሚንግ" ሲባል ሰው የሚላከው ጨዋታው ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን የሚላከው ስክሪኑ ነው። ቤት ያለው ኮምፒውተር ማሳያው ላይ ያለውን ምስል በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ያህል ይቀዳል፣ ግራፊክስ ካርዱ ወደ ቪዲዮ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ በኔትወርክ ይሄዳል። በመልሱ መንገድ የእኔ ኪቦርድና ማውስ ይመጣሉ። ድምፁም ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ድምፅ በሙሉ ነው፤ አንድ ሰው እዚያ የድምፅ መልእክት ከከፈተ ከጎሉ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይደርሰኛል። ጨዋታው ከፊት እስካለ ጨዋታ ይታያል። ሲዘጋ፣ ወይም ገና ሳይከፈት፣ የሚታየው እዚያ የተቀመጠው ሰው ሕይወት ነው፦ ክፍት የሆነው ጂሜይል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የእድሩ ኤክሴል። ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም። ጣቶቼ የሚሠሩት ኮምፒውተሩ ላይ በገባው ሰው መብት ነው፤ እህቴ የምትከፍተውን ሁሉ እኔም እከፍታለሁ።

ነገርየው ወደ ሌላም አቅጣጫ ይሄዳል። ከሩቅ ስጫወት የሳሎኑ ማሳያ አይጠፋም። እናቴ ቡና እያፈላች ማውሱ ብቻውን ሲሄድ አይታ በስመአብ ብላለች። ያኔ ስቀን አለፍን። አሁን ሳስበው ከሁላችን በትክክል የገባት እሷ ነበረች፤ ያልተጠራ ሰው ቤት ውስጥ ገብቷል።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ስቲም በቤት ውስጥ ኔትወርክ ጨዋታ ማስተላለፍ የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2019 ከቤት ውጭም እንዲሠራ አደረገ። ኤንቪዲያ የራሱን ጌምስትሪም በ2023 ሲያቆም ደግሞ ሳንሻይንና ሙንላይት የተባሉት ክፍት ፕሮግራሞች ቦታውን ያዙ። እኔን የሚያናድደኝ እዚሁ ታሪክ ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ናት። በዚያው በ2019 ስቲም ከጓደኛ ጋር በርቀት አብሮ የመጫወቻ አገልግሎት ሲያወጣ፣ ተጋባዡ ጨዋታውን እንጂ የባለቤቱን ዴስክቶፕ እንዳያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንግዳ ጓዳ እንደማይገባ ገብቷቸዋል ማለት ነው! "ባለቤቱ" ራሱ ሲገናኝ ግን ሁሉም ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ለምን ቢባል፣ አንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ነው ተብሎ ስለታሰበ። ይህን ያሰበው ሰው የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ ማሽን ያለው ሰው ነው። እኛ ቤት አንድ ማሽን ለአምስት ሰው ነው፤ ስድስተኛው የጎረቤት ልጅ ነው።

ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ መጀመሪያ የሚሉኝ "ኢንክሪፕትድ ነው እኮ" ነው። እሺ፣ ይሁን። ኢንክሪፕሽን የሚጠብቀው መንገድ ላይ ከቆመ ሌባ ነው። ቁልፉን ከያዘው ሰው አይጠብቅም፤ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። እህቴን ያነበባት ሀከር አይደለም፣ ወንድሟ ነው።

ሁለተኛው መልስ "ለሁሉም የየራሱን አካውንት ክፈትላቸው" የሚል ነው። ይሄ ግማሽ መልስ ነው። ዊንዶውስ ላይ እንደ ሰርቪስ የተጫነ ሳንሻይን ለምሳሌ የአንድ ተጠቃሚ ንብረት ሆኖ አይቀመጥም፤ በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለው ማንም ይሁን እሱን ይከተላል። እህቴ በራሷ ስም፣ በራሷ ፓስወርድ ብትገባም የማየው የእሷን ስክሪን ነው። ለአንድ ሰው ማሽን ይህ ጥሩ ሥራ ነው፣ ከሩቅ ሆኖ ፓስወርድ ለማስገባት ይጠቅማል። ለሳሎን ማሽን ግን በር አስገጥሞ ግድግዳውን እንደማፍረስ ነው። ብዙ የዩቲዩብ አስተማሪዎች ደግሞ ይብሱኑ "ከሩቅ ስትገናኙ እንዳያስቸግራችሁ የዊንዶውሱን ፓስወርድ አጥፉት" ይላሉ። እኔም ምክሩን ሰምቻለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልጠየቅኩም።

ሦስተኛው መልስ ነው የሚያስቆጣኝ፦ "ኮምፒውተሩ ያንተ አይደል? ብሩን የከፈልከው አንተ ነህ።" የእህቴን ክፍል በር ያሠራሁት እኔ ብሆን በቁልፍ ቀዳዳ የማየት መብት ይኖረኛል? ደግሞ ይህን የሚሉት ሰዎች ናቸው አለቃቸው የቢሮ ላፕቶፓቸው ላይ መቆጣጠሪያ ሊጭን ነው ሲባል የሚጮኹት። ላፕቶፑን የገዛው መሥሪያ ቤቱ አልነበረም እንዴ?

"የሚደበቅ ነገር የሌለው ምን ይፈራል" ለሚሉ ደግሞ የአባቴን ደብተር አሳያለሁ። እድርተኛው ችግሩን ለጸሐፊው የነገረው ወንጀለኛ ስለሆነ አይደለም። ገመና የሚባል ነገር ስላለ ነው። ሰው ገመናውን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ልጅ ስላለው፣ ልጁም ኳስ ጨዋታ ስለሚወድ፣ ገመናው ወደ ልጁ ላፕቶፕ አይሻገርም። ሕግ ይኑር አይኑር እያልኩ አይደለም። አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ግን እህቴ አንቀጽ ጠቅሳ እኔን ልትከስ ነው? ቤት ውስጥ ያለውን ነገር መጀመሪያ ማስተካከል ያለብን እኛ ማሽኑን ያዘጋጀነው ሰዎች ነን።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከሩቅ ሰው ሲመጣ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው አንድ መልእክት ይምጣለት፦ "እገሌ ሊገባ ነው፣ ይግባ?" እሺ ካላለ አይግባ። ለርቀት ጥገና የምንጠቀምባቸው እንደ ኤኒዴስክ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚል ኢንጂነር ካለ ሰነፍ ነው። ገብቶም ከሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ የማይጠፋ ምልክት ይኑር። ኪቦርዱን በቤት ያለ ሰው ሲነካው ደግሞ የሩቁ ምስል ይጥቆር። ይሄ ሁሉ አንድ ሁለት ሳምንት ሥራ ነው። እኔ በግሌ ለአንዱ ክፍት ፕሮግራም መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ሲያልቅ እልካለሁ፣ ከተቀበሉኝ።

እስከዚያው ፕሮግራሙን ከቤት አጥፍቼዋለሁ። ፓስወርድ መልሻለሁ፣ የእድሩን ፋይልም በቁልፍ ዘግቼዋለሁ። ለእህቴ ቁጭ ብዬ ምን እንዳየሁ፣ እንዴት እንዳየሁ፣ ከዚያ በኋላም ምን እንዳጠፋሁ አንድ በአንድ ነገርኳት። "እሺ" አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

አሁንም ግን ኮምፒውተሩ ላይ ስትቀመጥ የዘረጋሁትን ኬብል ከጀርባው ትነቅለዋለች። ቴሌግራሟን በስልኳ ነው የምትጽፈው። አንዳንዴ መልሳ መሰካት ትረሳለች፤ ያኔ አባቴ "ኔትወርክ ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ይደውልልኛል። "ከኋላ ኬብሉን እየው አባዬ" እለዋለሁ።