ጠመንጃ ያልተያዘበት አደን

አደን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ተኩሱን ነው። እኔም በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት በአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት እስካርፍ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። ሽማግሌው ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ቀሰቀሱኝና «ተነሥ ልጄ፥ ተርኪ ልናዳምጥ ነው» አሉኝ። ጠመንጃውስ ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁብኝ፤ አደኑ የሚፈቀደው ገና በሚያዝያ ነበርና።

ተርኪ በፈረንጆቹ የምስጋና በዓል ገበታ ላይ የሚቀርበው ትልቅ ዶሮ መሆኑን አንባቢዬ ያውቃል። የዱሩ ግን ከቤቱ ቀጠን ያለ፥ አጥብቆ የሚበር፥ ዛፍ ላይ የሚያድርና ዓይኑ እጅግ የነቃ ወፍ ነው። ስለዚህ አዳኝ የማደሪያውን ዛፍና የሚውልበትን ሜዳ አስቀድሞ ካላወቀ፥ ወራቱ ሲከፈት ሲንከራተት ይውላል።

ጎሕ ሳይቀድ ከአንድ ጉብታ ላይ ቆምን። ሽማግሌው እንደ ጉጉት ጮኹ። ወዲያው ከሸለቆው ውስጥ ውኃ ከእንስራ ሲንዶቀዶቅ የሚመስል ድምፅ መለሰላቸው። አውራው በጸደይ ወራት ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሳይወድ በግድ ይጮኻልና ማደሪያው በዚህ ይታወቃል። እንደ እንስቷ የምትጮህ ትንሽ መጥሪያ በኪሳቸው ነበረች፤ «ታዲያ ይጥሩት እንጂ» ብላቸው እምቢ አሉ። ዛሬ ተጠርቶ ሰው ያገኘ ወፍ በመክፈቻው ቀን አይታለልም አሉኝ። እኔ ግን ላየው ቸኩዬ ጥቂት ራመድ ብል ከእግሬ ሥር እንጨት ተሰበረ። ክንፉን ሲያማታ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ በተቆጡኝ ይሻል ነበር።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ መሬቱን ወደ ማንበብ ሄድን፤ ይህም ፋይል ማገላበጥ ለለመደ ሰው አይከብድም። በኦክ ዛፍ ሥር ቅጠሉ ተጭሮ ተገልብጧል፤ የወደቀውን ፍሬ ሲፈልጉ ነው። ኩሱ እንደ ከዘራ ጫፉ ከታጠፈ የአውራ፥ ከተድቦለቦለ የእንስት ነው። በጭቃው ላይ ከእግሩ ዱካ ግራና ቀኝ ጭረት ከታየ፥ አውራው ጅራቱን ዘርግቶ ክንፉን እየጎተተ የተንጎራደደበት ስፍራ ነው።

አንገቴ ላይ የነበረውን ቀይ ሻርፕም አስወለቁኝ። የአውራው ራስ ቀይ፥ ነጭና ሰማያዊ ነውና፥ ወራቱ ሲከፈት እነዚህን ቀለማት የለበሰን ሰው ሌላ አዳኝ ወፍ መስሎት ሊተኩስበት ይችላል፤ ከወዲሁ ልመድ አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው የሚቀመጡበትንም ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ ምልክት አደረጉ። የተርኪ ድምፅ ተከትሎ መሄድ በርሳቸው ዘንድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ያ ድምፅ መጥሪያ የያዘ ሰው ሊሆን ይችላልና።

እርሳቸው ልጅ ሳሉ በዚያ ጫካ ተርኪ አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በግዛቱ በሙሉ የቀረው ከ3,000 በታች ነበር። በቤት ያሳደጉትን ቢለቁት አልበረከተም፤ የዱሩን በመረብ እየያዙ ወደ ሌላ ጫካ ቢያዛውሩት ግን ረባ። በ1960 የጸደዩ አደን እንደ ገና ተፈቀደ።

ሚያዝያ ሳይገባ እኔ ወደ አገሬ ተመለስሁ። በኋላ በደረሰኝ ደብዳቤ፥ በመክፈቻው ቀን በዚያ ጉብታ ሥር ተቀምጠው እስከ ቀትር ቢጠብቁ ያ አውራ አለመምጣቱን ጽፈውልኛል። ምክንያቱን ግን አልጻፉም።