ጣት ምትክ የለውም!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከደጀን፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ነው። ጸሐፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው። እንጨት ቤት ተቀጥሮ በሰርኩላር መጋዝ ዋንዛና የፈረንጅ ጥድ ይሰነጥቃል። «መጋዙ ክዳን የለውም። ለአለቃዬ እንሥራለት ብለው ‹ፈሪ!› ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ማታ ደግሞ ሳል እንቅልፍ ነሣኝ። ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» ይላል።

ወንድማችን፣ አንተ እንኳን ፈሪ አይደለህም። መጋዝ ጀግና አይመርጥም! ሳሉንም አትናቀው፤ ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ለመሆኑ ሰዎች ክዳኑን ለምን አውልቀው ይጥሉታል? መስመሩን ስለሚጋርድባቸው ነዋ! ያለ ክዳንም ቢሆን ሰጋቱራው መስመሩን ይሸፍናል፤ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ እፍ ሲል ፊቱም እጁም መጋዙ አጠገብ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለጣትህም ለሳንባህም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የሚያሳይና አቧራ የሚስብ ክዳን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ። ላዩ ኮምፔርሳቶ፣ ጎንና ጎኑ ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ የሆነ ጠባብ ሣጥን ሥራ። ፕላስቲኩን ደጀን ካጣኸው አዲስ አበባ ለሚመላለሱ ሾፌሮች አደራ በል። መስታወት ግን በፍጹም! ጉጥ ተፈናጥሮ ሲመታው ይረግፋል። ሣጥኑን ከኋላ በሚመጣ የብረት ክንድ አንጠልጥለው፤ እንደ ጣውላው ውፍረት ከፍና ዝቅ ይበል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይኑረው። ከኋላው ቱቦ ግጠምለት። ሁለተኛውን ቱቦ ከጠረጴዛው ሥር፣ መጋዙን በላሜራ ከበህ አስገባ፤ ብዙው ሰጋቱራ የሚወርደው በዚያ ነው። ሁለቱም በበርሜል አልፈው ወደሚስብ ፋን ይሂዱ። ሻካራው በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፤ ደቃቁ ሰው በሌለበት በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የጠረጴዛ ቬንትሌተር አይሆንም፤ አቧራውን ይበትነዋል እንጂ አይስበውም።

አንድ ነገር አትርሳ። ክዳን ብቻውን ጣውላ ተስፈንጥሮ ወደ አንተ እንዳይመጣ አያደርግም። ከመጋዙ ጀርባ፣ በዚያው መስመር፣ ቀጭን ብረት ይቁም፤ የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ መጋዙን እንዳይቆነጥጠው። ጫፉ ላይ ስትደርስም በእጅህ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፋ።

ከአለቃህ ጋር ግን አትነታረክ። ንድፉን በወረቀት ሥለህ፣ ወጪውን አስልተህ አሳየው። እንደ ቀልድ ካለፈህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አስታውሰው፤ የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ አንተም እንዳታወልቀው፤ አዋጁ ይህንንም ይከለክላል።

ሥራ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ «ልቀቅ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ይህን ሁሉ ሞክረህ እምቢ ካለህ፣ ሌላ እንጨት ቤት ፈልግና ልቀቅ። ሙያህ አብሮህ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ጣቶችህ ካሉ ነው።

ቸር ይግጠመን!