ለልጃችሁ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትገዙ



ልጃችሁ “ኤሌክትሪክ ጊታር ግዙልኝ” እያለ ሲለምን ከርሞ፣ በመጨረሻ እሺ ብላችሁት ሃዳር ላይ ከካርሜሊት ወርዳችሁ አብራችሁ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ ከልጁ ጋር በዕብራይስጥ ቶሎ ቶሎ ያወራል። እናንተ ዳር ቆማችኋል፤ የምትጠሩት ሲከፈል ብቻ ነው። እባካችሁ እንዲህ አትቁሙ። ሙዚቃ ባታውቁም ከሻጩ የተሻለ የምታዩት ነገር አለ።

አገር ቤት አባቶቻችን ማጭድና ማረሻ ሲቀጠቅጡ፣ ሸማ ሲሸምኑ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ ነው ያደግነው። ለአንዱ እጅ የተመቸ ዛቢያ የሌላውን እጅ እንደሚያቆስል ለእናንተ አይነገርም። ጊታርም እንደዚያው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ለትልቁ ልጄ በኢንተርኔት ያዘዝኩለትን ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ጊታር ሁለት ወር ሞከረውና አልጋ ሥር ከተተው። ሰነፍ ነህ እያልኩ ስንት ቀን ተቆጣሁት! ኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው አንስቶ ሲያየው፣ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብለው ኖሯል፤ “ይሄ እኮ የአዋቂ ጣትም ያሳምማል” አለኝ። ልጄ ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ገንዘብ አውጥተውልኝ እንዴት አማርራለሁ ብሎ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ልጁ ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ ያድርገው። ከዚያ በማንገቻው አንግቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይቁም። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ትከሻውን ተመልከቱ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከብዶታል። እጁን ሲለቅ የጊታሩ አንገት ወደ መሬት የሚዘቀዘቅ ከሆነ ደግሞ፣ ግራ እጁ በመጫወት ፈንታ ሲደግፍ ሊውል ነው። አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናሉ። በ1952 የወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል ከከባዶቹ ወገን ነው። በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ ጠርዙም ለደረትና ለክንድ እንዲመች ሆኖ ተጠርቧል። የሁለቱን ቅርጽ የያዙ ርካሽ ጊታሮች ሞልተዋል፤ ለጀማሪ እነሱ ይበቃሉ። በሃይፋ ግን ክብደት ቀልድ አይደለም። ያንን ሁሉ ደረጃ ተሸክሞት የሚወጣው ልጁ ነው።

እጁ ትንሽ ከሆነ የክሩንም ርዝመት ጠይቁ። በፌንደር 64.8 ሳንቲ ሜትር፣ በጊብሰን 62.8 ገደማ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል አትበሉ፤ ያጠረ ክር ለጣት ይለሰልሳል። ለሕፃናት ከዚህም ያነሱ አሉ። ግራኝ ከሆነም ለግራኝ የተሠራ እንዳለ መጠየቅ አትርሱ።

የሕመም ነገርማ ለብቻው መነገር አለበት። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ አለው። ጊታር ላይ ግን ድምፁ የሚለዋወጠው ክሩን አንገቱ ላይ በመጫን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ መቁሰሉ አይቀርም፣ ኋላ ይደነድናል። አንጓውን፣ ክንዱን ወይም ትከሻውን ካመመው ግን አንድ ነገር አልተስማማውም ማለት ነው። “እስኪለምድህ ቻለው” አትበሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ እያንዳንዱን ክር ከላይ እስከ ታች እየተጫነ ይምታው። እናንተ አድምጡ። እንደ ዝንብ የሚንዘዘዝ ድምፅ ከሰማችሁ እንዲያስተካክሉት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነው። ስለ መመለስም ያኔውኑ ጠይቁ፣ ካባላውን ያዙ።

ጎረቤት ይጮህብናል ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ። ይሄ እንኳ በከንቱ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ማግቤር ካልተሰካበት ከተራው ጊታር ያነሰ ነው ድምፁ። ኦዝኒዮት የሚሰካበት ማግቤር ከገዛችሁ ሌሊትም ቢጫወት የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

ቀለሙን ለልጁ ተዉለት። ወይን ጠጅ ቢመርጥም ዝም በሉ፤ ዓይኑ የወደደውን እጁ ቶሎ ቶሎ ያነሳዋል።

ከዚያ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አሰሙት። የማህሙድ አህመድን “እሬ መላ መላ” ክፈቱለትና ጊታሩን እንዲያዳምጥ ንገሩት። የአይቤክስ ባንዱ ሰላም ስዩም ነው የሚጫወተው፤ ያው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ ቅኝቱ ግን የእኛ ነው። ልጃችሁ ያንን በጣቱ መፈለግ ከጀመረ ደግሞ ማስተማሩ የእናንተ ተራ ነው፤ ትዝታና ባቲ ሲለያዩ ጆሯችሁ ያውቃል። “እዚህ ጋ ሳትክ” ማለት ትችላላችሁ፣ በአማርኛ።

ተጫውቶ ሲጨርስ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። የባሕሩ አየር ብረት ቶሎ ያዝጋል። ጨርቁን እዚያው ጊታሩ አጠገብ አስቀምጡለት፤ ጊታሩም ሳሎን ይሁን፣ አልጋ ሥር አይደለም።