ባለቤት ለሌላቸው ማን ይክፈል?

«ለቢራቢሮ የመንግሥት በጀት መመደብ ብክነት ነው፤ የካሊፎርኒያ የአልሞንድ ገበሬዎች ንብ እየተከራዩ አበባቸውን ያስዳቅላሉ፣ ገበያው ይበቃል» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። አይበቃም! የኪራይ ንብ ባለቤት አላት። የዱር ንብና ቢራቢሮ ግን ኪራይ የሚቀበልላቸው የለም። የቲማቲምን አበባ አርገፍግፋ ብናኙን የምታራግፈው ጠጉራም የዱር ንብ ናት፤ የማር ንብ ይህን አትችልም።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዳርቻ በሚሊዮን ይከርሙ የነበሩት ሞናርክ ቢራቢሮዎች በ2020 ቆጠራ ከ2,000 በታች ነበሩ። ገበያው ያኔም ነበር፤ ምን አደረገላቸው? እጫቸው የሚበላው ወተታማ ተክል በፀረ አረም ሲመነጠር ማን ከሰሰ?

ሞናርክ ራሱ ብርቱ አዳቃይ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ለእሱ ተብሎ የሚተከለው አበባ ግን የዱር ንቦችንም ይመግባል። በጀቱ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።